ሰባተኛው ቤት ላይ ጋሽ ጎትሊብ

ጋሽ ጎትሊብማ አልሸሸም! ማነው ሸሸ ያለሽ? ወይንሸት ናት አይደል? አይ ይቺ ልጄ፣ ወሬ ስትሸከም ግማሹን መንገድ ላይ ጥላው ነው የምትመጣው፤ በኔ አልወጣችም። እኔ እጨምራለሁ እንጂ አልቀንስም። ሰውየው ተማረከ እንጂ አልሸሸም። መሸሽና መማረክ ይለያያል ፋንታዬ፤ መሸሽ እግር ይፈልጋል። ጎትሊብ ደግሞ ያን ጊዜ ጭኑን ተመቶ ነበር።

ቆይ፣ አንቺ የሽምግልናው ቀን ሥራ ላይ ስለነበርሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጎትሊብ ማለት የኤሪክ፣ የዮዳሄያችን ፈረንጅ፣ ሰባተኛ አያት ነው። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል አሉ። እኔ ግን ከዛ ቅዳሜ ወዲህ ጎረቤቴ አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ “ይሄ ሰውዬ እንዴት አድሮ ይሆን” እላለሁ። የፕሩሲያ ንጉሥ መኮንን ነበር። ፕሩሲያ የት ነው እንዳትዪኝ። እኔማ ስሙን ሲጠሩት ከታኮማ ወዲያ መስሎኝ፣ “ታዲያ በመኪና ሄደን ዘመዶቹን አንጠይቅም ወይ?” ብዬ ሰው ፊት ተናግሬ፣ ዮዳሄ “ግራንድማ፣ ኢትስ ጎን!” አለችኝ። አገሩ ራሱ የለም ማለቷ ነው። አገር እንዴት ይጠፋል? ጀርመን ውስጥ ገባ አሉኝ። ኦኬ አልኩ። ያልተማረ ሰው ኦኬ ማለት ካወቀ አሜሪካን ይዘልቀዋል።

ነገሩ የተነሳው በወንድምአገኝ ነው። አማቼን ታውቂዋለሽ፤ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይንዳ እንጂ ልቡ ዛሬም ሻምበል ነው። ሸሚዙን እንኳ ለወይንሸት ሰጥቶ አያስተኩስም። ዮዳሄ “ኤሪክን ላገባ ነው” ስትል አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እኔ ጋ መጥቶ፣ “እማማ፣ ልጁ ነጭ መሆኑ አይደለም የከበደኝ። ሰው የለውም” አለኝ። እውነቱን ነው። አባትና እናቱ በልጅነቱ ሞተውበት፣ ሾርላይን ያለች የአባቱ አክስት ናት ያሳደገችው። “ነገ ቢጣሉ ማንን ጠርቼ እወቅሳለሁ? ልጄን ለሜዳ ልስጥ?” ይላል። ዮዳሄ ደግሞ “አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም” ብላ ተቀመጠች። እሱ እሺ አይልም፣ እሷ ትታው አትሄድ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ልጅቷ ምግብ አቆመች ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ያቆመችው ቺፕስ ነው። ለሷ እሱ ይብሳል።

እዚህ ጋ ነው እኔ፣ ምኑንም የማላውቅ አዋቂ፣ አፌን የከፈትኩት። “ሽማግሌ ይላክ፣ ሰባት ቤት ይቆጠር” አልኩ። “ሰው ካለው ይታያል።” ሰባት ቤት የሚቆጠረው ሙሽሮቹ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ከፈረንጅ ጋር የጋራ አያት ይኖረን ይሆናል ብዬም አይደለም። የነሱ ቤት ውስጥ ምን ምን እንደተደበቀ ለማወቅ ጉሮሮዬን ስለበላኝ ነው። ወንድምአገኝ ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው። “ይቆጠር” አለ። “ሰው እንዳለው ካሳዩኝ እሰጣለሁ።”

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሽማግሌዎቹ ስልሽ ሁለት ናቸው። አንዷ አክስቲቱ ሚስ ሎታ፣ ሰማንያ ያለፋት፣ ጉልበቷ እንደኔው የከዳት። ሌላው ሙላው ነው፣ የቤተክርስቲያናችን ሙላው። ሚስ ሎታን ቤቷ እየሄደ የሚንከባከባት እሱ አይደል? ልጆቹ የተዋወቁትም በሱ ሰበብ ነው፤ መኪናው የቆመ ቀን ዮዳሄ ሊፍት ሰጥታው እዛ አደረሰችው፣ በሩን ኤሪክ ከፈተ፣ በቃ። ኤሪክ ራሱ ግን ሙሽራ በሽምግልና ቀን አይገባም ተብሎ ታች ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ፣ ከረቫት አስሮ ተቀምጧል።

ሙላው ገና ከደጅ፣ “ልመናችን ካልተሰማ አንቀመጥም!” አለ፣ እንደ ወጉ። ወንድምአገኝም “ተቀመጡ” አላለም። ሚስ ሎታ ዙሪያዋን አየች፣ ያንን ተደግፋ የምትሄድበትን ጎማ ያለውን ዎከሯን ገልበጥ አደረገች፣ ለካ መቀመጫ አለው፣ ቁጭ አለችበት።

“ተቀመጡ እኮ!” አለ ወንድምአገኝ።

“በራሳቸው ወንበር ነው” አለ ሙላው። “በናንተ ወንበር እንደሆነ እንደቆሙ ናቸው።”

እኔ ደግሞ የዋህ ነኝ፣ እንግዳ ቆሞ አልቀመጥም ብዬ ተነስቼ ነበር። ሶ፣ ለማኟ ተቀምጣ፣ የሙሽሪት አያት ቆሜ ቀረሁ። ለመቀመጥም አፈርኩ፣ ለመቆምም አልቻልኩ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ፎቶ መሰልኩ።

መጀመሪያ የኛ ወገን ይቆጠር ተባለ። ወንድምአገኝ የራሱን ሰባት እንደ ጥይት ተኮሰው። የእናት ወገን የኔ ተራ ሆነ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ ቅማያቴን ጠራሁ። ከዛ ባዶ። አምስተኛው ጣቴ ተዘርግቶ ቀረ። ሁሉም ያየኛል። ስንት ዓመት “እኛ እኮ የዘር ሐረጋችን ረጅም ነው” እያልኩ ስጎርርባቸው!

“አሚናዳብ” አልኩ።

“ከዛስ?” አለ ሙላው።

“አራም።”

“ከዛስ?”

“ኤስሮም።”

ሙላው ሳል ያዘው። “እማማ ሣህሊቱ” አለ፣ “እንግዲያው አንቱ ለጌታ በሥጋ ዘመድ ነዎታ!” ባለፈው እሑድ ከማቴዎስ ወንጌል የተነበበው ነው፣ ሌላ ከየት ላምጣ? ሚስ ሎታ ግን በአክብሮት አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ጨዋ ሴት ናት።

ከዛ እሷ በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ሙላው ይተረጉማል። የኤሪክን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለች አናጢውን፣ ገበሬውን፣ በመርከብ ተሻግሮ የመጣውን፣ ስድስቱን እንደ ውሃ አፈሰሰቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ በራ። አባቷ ማታ ማታ ገበታ ላይ ያወራላቸው የነበረው ሰው ነው። ጎትሊብ ፎን ክሬልዊትዝ።

ጎትሊብ የተወለደው ድሃ ቤት ነው። ድሃ ግን ባላባት። ያቺ “ፎን” የምትለዋ የጨዋ ልጅ መሆኑን ትናገራለች አሉ። ፎን አለ፣ ዳቦ የለም። አሸዋ የበዛበት እርሻ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የልጅ መዓት። እኔ ወዲያው ገባኝ። እዚሁ ፌደራል ዌይ ስንቱ አለ መርሴዲስ ፓርክ አድርጎ ፍሪጁ ውስጥ ሰናፍጭ ብቻ ያለው! እኔስ ብሆን? እሑድ እሑድ የማደርገው የወርቅ ሐብል፣ ወርቅ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ወታደር ትምህርት ቤት ሰደደው። እዛ ፀጉሩን ከኋላ እንደ አይጥ ጅራት ጎንጉነው በጥቁር ሪባን አሰሩለት፤ ከላይ ደግሞ ዱቄት ነሰነሱበት።

“የሚበላውን ዱቄት?” አልኩ።

“የሚበላውን” አለች ሚስ ሎታ።

እንግዲህ እናቱ ለዳቦ ያጣችውን ልጅየው በራሱ ተሸክሞ ይዞራል! ወንድምአገኝ፣ ወታደር ነዋ፣ የሚጠይቀውን ያውቃል፣ “ዝናብ ሲመጣስ?” አለ።

“ሊጥ ነዋ!” አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ወንድምአገኝ አልሳቀም። ዮዳሄ ኩሽና በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ጎረምሳ ሲሆን ባንዲራ ተሸካሚ አደረጉት። ባንዲራ የያዘ ሰው አይተኩስም፣ ይተኮስበታል እንጂ። ጦርነት ተነሳ። የነሱ ጦርነት ደግሞ ጉድ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደ ኮስኮ ሱቅ ሰልፍ ይቆማሉ፣ ጠላትም ፊት ለፊት እንደዛው ይቆማል፣ ከዛ ይተኳኮሳሉ። መጋደም ነውር ነው። ዛፍ ኋላ መግባት ነውር ነው።

“ምሽግ የላቸውም?” አለ ወንድምአገኝ።

“የላቸውም።”

“ምን ዓይነት አዛዥ ነው!” ብሎ ተናደደ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሞተ አዛዥ እውነተኛ ንዴት ተናደደ።

እዚህ ጋ ሙላው ተነሳበት። ሚስ ሎታ አንድ ቃል ስትናገር እሱ አምስት ይተረጉማል። “ጎትሊብ ባንዲራውን በግራ፣ ሰይፉን በቀኝ ይዞ፣ እንደ አንበሳ እያገሳ፣ ያንን ሁሉ ጠላት ወንዝ ውስጥ ከተተው ይላሉ!”

ዮዳሄ ዘላ ገባች። “ጋሽ ሙላው! ሺ ዲድንት ሴይ ዛት! ሂ ጎት ሾት!”

“ምን አለች?” አልኩ።

ሙላው አንገቱን ደፋ። “ጭኑን ተመቶ ወደቀ ነው ያሉት” አለ፣ “ግን አወዳደቁ የጀግና ነበር።”

በዚያው ተማረከ። የዛን ጊዜ መኮንን ሲማረክ “አላመልጥም ብለህ ማል” ይሉታል፣ ይምላል፣ ከዛ ጠላት ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ወንድምአገኝ ይሄን ሲሰማ የሸሚዙን እጅጌ ማስተካከል ጀመረ። እሱ ራሱ ያገለገለበት ሠራዊት ሲበተን በእግሩ ድንበር እስኪሻገር ምን እንዳየ ነግሮን አያውቅም። እኔ እንኳ፣ የሰው ኪስ በዓይኔ የምፈትሸው፣ ጠይቄው አላውቅም።

ጎትሊብን ያከራየችው ሴትዮ ባሏ የሞተባት ነበረች። ቁስሉ እስኪሽር ሹራብ መሥራት አስተማረችው። እኔ “እህ” አልኩ። ባል የሞተባት፣ ወጣት መኮንን፣ ረጅም ክረምት፣ ሹራብ... ዮዳሄ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ምን አደረግኩ? እህ ነው ያልኩት እኮ!

ጦርነቱ ሲያልቅ ለቀቁትና ወደ ጦር ክፍሉ ተመለሰ። ሰላም ሆነ። ሰላም ደግሞ ለሁሉም ጥሩ ነው፣ ለወታደር ግን ሹመት አያመጣም። ሌተናንት ሆኖ ቀረ። ጠዋት ሰልፍ፣ ከሰዓት ሰልፍ፣ ክረምት ከበጋ። እያደር ፀጉሩ ነጣ፤ ሽበቱ ይሁን ዱቄቱ የሚለይ ሰው ጠፋ።

በዚህ ዕድሜው ነው የወደደው። የፓስተር ልጅ።

“የምን ፓስተር?” አለ ወንድምአገኝ።

“ሉተራን።”

ቀና ብሎ ተቀመጠ። መካነ ኢየሱስ ያደገ ሰው ነው፤ ሉተራን ስትዪው የአጎቱን ስም የጠራሽለት ያህል ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ እዛ አገር መኮንን ያለ ንጉሡ ፈቃድ አያገባም። ንጉሡ ደግሞ ሚስት ያለው ወታደር ሞት ይፈራል ባይ ነው። በዛ ላይ የፓስተሩ ልጅ ፎን የላትም። ጎትሊብ አስፈቀደ፤ አይሆንም ተባለ። በዓመቱ አስፈቀደ፤ አይሆንም። ልጅቷ ሌላ ባል መጥቶላት እንቢ ብላ ትጠብቃለች። እንደገና አስፈቀደ፤ መልስም አልመጣ።

ሙላው ይሄን ሲተረጉም አልጨመረበትም። ዮዳሄ አባቷን ታያለች። አባቷ ምንጣፉን ያያል። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ምስክር ካስፈለገሽ ወይንሸትን ጠይቂ።

በመጨረሻ ጎትሊብ ሰይፉን መለሰ። ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለበትን ጥሎ ወጣ። የሻምበልነት ማዕረግ በስንብት ሰጡትና ትንሽ ከተማ ውስጥ የፖስታ ኃላፊ ሆነ። የፖስታ ጋሪ ሲመጣ ፈረስ ይቀይራል፣ ደብዳቤ ይለያል፣ መንገደኛ ያሳፍራል።

ወንድምአገኝ ቀስ ብሎ፣ “ሻምበል ሆኖ ነው የወጣው?” አለ።

“አዎ።”

“ከዛ የመንገደኛ ሻንጣ ጫነ?”

ሙላው ለሚስ ሎታ አሻገረላት። እሷም፣ “ሲጭን ኖረ። ከልጅቷ ጋር ስድስት ልጅ ወለደ” አለች።

ወንድምአገኝ ወደ ዮዳሄ ዞር አለ። እኔ አማቼን አውቀዋለሁ። ሊሰጥ ነው! ለመቀመጥ ወንበር ሁሉ በዓይኔ መርጬ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሙላው ነገሩን ሊያሳምር ብሎ ያበላሸው። ደረቱን ነፋና፣ “እንግዲህ ወንድማችን፣ የልጃችን ዘር ይሄ ነው! ፈሪ ያልወጣበት፣ ውሸታም ያልበቀለበት፣ ጠጥቶ የተንገዳገደ የሌለበት፣ ነውር የማያውቅ...”

የወንድምአገኝ ፊት እንደ በር ተዘጋ። “ሙላው” አለው፣ “እኔ ወታደር ነበርኩ። ነውር የማያውቅ ወታደር አይቼ አላውቅም፤ እኔንም ጨምሮ። ልጁ ሰው አለው ወይ ብዬ ብጠይቃችሁ ሐውልት ይዛችሁልኝ መጣችሁ። ልጄ ባሏ ቢበድላት ሐውልት ጠርቼ ልውቀስ? ጎትሊብ የምትሉት እውነት ሰው ከሆነ የሚያሳፍር ነገር አያጣም። አንድ ንገሩኝ። ከሌለ ግን ደህና ግቡ።”

ሙላው ላብ በላብ ሆነ። “የለም” አለ። “ኧረ የለም፣ ምን ይኖራል!”

ዮዳሄ ሄዳ ሚስ ሎታ እግር ሥር ተንበረከከችና በእንግሊዝኛ አዋየቻት። ሚስ ሎታ ሙላውን አየችው፣ ሳቋ መጣ። “እሱ ያውቀዋል” አለች። ሾርባዋን በሚያሞቅላት ቁጥር ስትነግረው ኖራለች ለካ!

“ይሄንንማ አልተረጉምም!” አለ ሙላው። “ሽማግሌ ነኝ እኔ፣ አፍራሽ አይደለሁም!”

ሶ፣ ዮዳሄ ራሷ ተረጎመችው። እዚሁ ያደገች ልጅ፣ እኔ ስጠራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በዛች ስብርብር አማርኛዋ የራሷን ትዳር በራሷ አፍ ለመነች። አንዳንዱ ቃል ሲጠፋት ተነስታ በአካሏ እየሠራች አሳየችው።

ስትጨርስ ወንድምአገኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ሰውየው አለቀሰ ብዬ ሶፍት ይዤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው! ዓይኑን ጠረገና ሚስ ሎታን፣ “ይሄ ሰው ነው። በሉ እንግዲህ፣ ልጆቹ ሲጣሉ እርስዎን ነው የምጠራው” አላት። ሙላው ተረጎመላት። እሷም፣ “እንግዲያው ቶሎ ይጣሉ፣ እኔ ብዙ ዕድሜ የለኝም” አለች። ወይንሸት እልል ስትል፣ ወንድምአገኝ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “ኤሪክ! ና ውጣ፣ እራት ብላ!” ብሎ በሻምበል ድምፁ ጮኸ። ልጁ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ኖሮ ደንግጦ የመኪናውን ጡሩምባ ተጫነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። እኔም ተቀመጥኩ፣ ጌታ ይመስገን።

ምን ነበር ያሳፈረው ነገር ትያለሽ? እየመጣሁልሽ ነው እኮ።

ጎትሊብ ከጦሩ እንደተሰናበተ ልጅቷን ሊጠይቅ ፓስተሩ ቤት ሄደ። እነሱ ሽማግሌ መላክ አያውቁማ፣ ራሱን ነው የላከው። ያ መድፍ ፊት የቆመ ሰውዬ! ገባ። ተረከዙን ቀጭ አደረገ። ስሙን ተናገረ፣ ክፍሉን ተናገረ፣ የአዛዡን ስም ተናገረ። ፓስተሩ ማንኪያውን ይዞ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ጎትሊብ ሌላ የሚናገረው ጠፋበት። ሲጠፋበት ምን አደረገ? ወደ ኋላ ዙር! ብሎ ዞረና በሰልፍ እርምጃ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ ወጣ። ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። መንገዱ መሃል ሲደርስ የመጣበት ጉዳይ ትዝ አለው። ተመለሰ፣ አንኳኳ። የከፈተችው ልጅቷ ራሷ ናት፤ ከኋላዋ ፓስተሩ፣ ከፓስተሩ ኋላ እናትየው፣ ከእናትየው ኋላ ሠራተኛዋ። ሁሉም “እህ፣ አሁን ሊናገር ነው” ብለው ይጠብቃሉ። ጎትሊብ ልጅቷን አየ፣ ፓስተሩን አየ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

“ይቅርታ” አለ፣ “ጓንቴን ረስቼ ነው።”

ጓንቱን በሁለት እጁ እንዳጠለቀ።